ዲያቆናት ባሉበት ክፍል ዝግመተ ለውጥን እንዴት እናስተምር?

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ያደግሁት መንዝ፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነው። እኔ ደግሞ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። እዚያው ደጋ ላይ ማስተማር ከጀመርኩ ዘንድሮ 19 ዓመት ሞላኝ።

አዲስ የሚመደቡ አስተማሪዎች በየዓመቱ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። የ12ኛ ክፍሉ የዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ ሲደርስ ምን ላድርግ? ርዕሱን ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ክፍሉ ጭር ይላል። ግማሹ ተማሪ ሰንበት ትምህርት ቤት ይዘምራል። ሦስት አራቱ ዲያቆናት ናቸው። ሙስሊም ልጆች አሉ፣ ፕሮቴስታንት ልጆች አሉ። ከኋላ አንድ እጅ ይወጣና "ቲቸር፣ እርስዎ ያምኑበታል?" ይላል። አንዳንዱ አስተማሪ ደንግጦ "በራሳችሁ አንብቡት" ይልና ያልፈዋል። አንዳንዱ ኦሪት ዘፍጥረትን አውጥቶ ግማሹን ክፍለ ጊዜ ይሰብካል። ሁለቱም ልጆቹን ይጎዳሉ። ይህን የምጽፈው ለእነዚህ ባልደረቦቼ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። የፍጥረት ትምህርት የሳይንስ ትምህርት ሆኖ መሰጠት የለበትም። ይህን የምለው ፍጥረትን ንቄ አይደለም። ጠዋት አማትቤ ነው ከቤት የምወጣው። ግን ክፍል ውስጥ ስገባ ልጆቹን ላስተምር የተቀጠርኩት አንድ ነገር ነው፦ ዓለምን አይቶ፣ ለክቶ፣ ተሳስቶ፣ እንደገና ለክቶ ማወቅን።

ቤቱን መለየት

በመጀመሪያው ዓመቴ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። አንድ ዲያቆን ተማሪ ተነስቶ "እኛ ከዝንጀሮ አልመጣንም" አለኝ። እኔም በክፍሉ ፊት የሚያሳፍር መልስ ሰጠሁት። ተማሪው ሁሉ ሳቀበት። ልጁ እስከ ሰኔ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጎበዝ ልጅ ነበር፤ አጣሁት።

ወሬው አባቴ ጆሮ ደረሰ። ሁለት ቀን ዝም አሉኝ። በሦስተኛው ቀን "ልጄ፣ ከዜማ ቤት የመጣ ተማሪ ቅኔ ቤት ገብቶ ቅኔው ቢሰበርበት መምህሩ ይስቅበታል?" አሉኝ። "አይስቅበትም" አልኳቸው። "ለምን?" አሉ። መልሱን የሰጡትም ራሳቸው ናቸው። ዜማ ቤት የሚፈተነው በዜማ ሕግ ነው። ቅኔ ቤት የሚፈተነው በቅኔ ሕግ ነው። ድጓውን፣ የዜማውን መጽሐፍ፣ አንበልብሎ የሚያዜም ልጅ ቅኔ ቤት ሲገባ ከአጭሩ ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ማንም ድጓህን ጣል አይለው፤ በድጓው ግን ቅኔ አይቆጠርለትም።

ከዚያ ወዲህ ምዕራፉን የምጀምረው በዚህ ምሳሌ ነው። ዲያቆናቱ ወዲያው ይገባቸዋል፤ ለሌሎቹም እነሱው ያስረዳሉ። እናንተም የምታስተምሩበትን አካባቢ ምሳሌ ፈልጉ። የቁርኣን ቤት ልጆች በሚበዙበት ትምህርት ቤት ሐዲስ (የነቢዩ ንግግሮች) እና ፊቅህ (የእስልምና ሕግ) የየራሳቸው የትምህርት መንገድ እንዳላቸው ልጆቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ለምን ፍጥረት አይፈተንም?

ለዓመታት ያስተማርኩበት የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ስለ ሕይወት አመጣጥ የተነሱ ሐሳቦችን ሲዘረዝር ልዩ ፍጥረትንም ያነሳል። ሕይወት ከግዑዝ ነገር በድንገት ይወጣል ከሚለው የድሮ ሐሳብ ጎን ነው ያስቀመጠው። አንድ ዓመት አንዲት ተማሪ "ቲቸር፣ ያኛውን ሉዊ ፓስተር በጠርሙስ ሙከራ ጣለው። ፍጥረትንስ ማን ጣለው?" አለችኝ።

በ19 ዓመት ውስጥ ከተጠየቅኳቸው ሁሉ የተሻለው ጥያቄ ይህ ነው። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ፓስተር በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንገቱ የተቆለመመ ጠርሙስ ውስጥ መረቅ አፍልቶ አስቀመጠ። አቧራው አንገቱ ላይ ቀረ፣ መረቁ ሳይበላሽ ቆየ። መረቁ ቢበላሽ ኖሮ የፓስተር ሐሳብ ይወድቅ ነበር። ፍጥረትን ግን የትኛው ጠርሙስ ይፈትነዋል? ምን ብናይ ነው "እግዚአብሔር አልፈጠረም" የምንለው? ምንም የለም። እምነት እንዲህ ያለ ፈተና ላይ አይቀመጥም። በሙከራ ሊወድቅ የማይችል ነገር በሙከራ ጸና ሊባልም አይችልም። ስለዚህ ዝርዝሩን ሳስተምር ልዩ ፍጥረትን ሰዎች ያመኑትና የሚያምኑት ብዬ እነግራቸዋለሁ፣ አልሟገተውም፣ ወደሚፈተኑት ሐሳቦች አልፋለሁ።

ሌላም ነገር አስቡ። ፍጥረትን ላስተምር ብል የማንን? ዲያቆኑ 22ቱን ሥነ ፍጥረት በስድስት ቀን ከፋፍሎ ይጽፍልኛል። ሙስሊሟ ልጅ በቁርኣን የተማረችውን ትጽፋለች። ፕሮቴስታንቱ ቀኑን በሌላ መንገድ ይቆጥረዋል። እኔ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ለማን ኤክስ ልስጥ? ክህነት የለኝም። የአንዱን ልጅ እምነት ከ10 ስንት ልበለው? ይህ ለሃይማኖቱም ውርደት ነው።

ሕጉም ግልጽ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል። አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። በአንጻሩ አንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት ይሰጣል። እነዚህን ሦስቱን በማስታወሻችሁ ጻፏቸው። ወላጅ ሲመጣ ያስፈልጓችኋል።

"ሁለቱንም እናስተምርና ልጆቹ ይምረጡ" የሚል ባልደረባ አይጠፋም። አሜሪካ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተሟግታለች። በ1925 (እ.ኤ.አ.) ቴነሲ ውስጥ ስኮፕስ የሚባል አስተማሪ ዝግመተ ለውጥ አስተማርክ ተብሎ 100 ዶላር ተቀጣ። በ1987 (እ.ኤ.አ.) ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ዝግመተ ለውጥ ከተማረ ፍጥረትም አብሮ ይማር የሚለውን የሉዊዚያና ሕግ ሻረ። በ2004 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በፔንስልቬንያ ዶቨር የተባለች ከተማ የትምህርት ቦርድ ተማሪዎቹን "ብልህ ንድፍ" (ሕይወትን ብልህ ነዳፊ አቅዶ ሠርቶታል) ወደሚባለው ሐሳብ የሚመራ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ እንዲነበብ አዘዘ። የሳይንስ አስተማሪዎቹ አናነብም አሉ። 11 ወላጆች ከሰሱ። ዳኛው ሁለቱንም ወገን ለሳምንታት ከሰሙ በኋላ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሐሳቡ ሳይንስ አይደለም ብለው ፈረዱ። ያ ፍርድ እኛን አይገዛም። ግን ልብ በሉ፤ ከከሳሾቹ መካከል አማኞች ነበሩ። ጥያቄው እግዚአብሔር አለ የለም አልነበረም። የትኛው ትምህርት የትኛው ክፍል ይግባ ነበር።

ከበግ ጀምሩ

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ስለ ሰው አታውሩ። ከበግ ጀምሩ።

የመንዝ በግ ብርድ የለመደ፣ ጸጉራም በግ ነው። ከጸጉሩ ባናና በርኖስ ይሠራል። ተማሪዎቼን "አባትህ የትኛውን አውራ በግ ነው ለዘር የሚያስቀረው? የትኛውን ነው የሚያኮላሸው?" እላቸዋለሁ። ክፍሉ ይነቃል። ቁመናው፣ ቀለሙ፣ እናቱ መንታ መውለዷ፣ ጭራው፤ ሁሉም የሚለው አለው። ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ። ከዚያ "የተኮላሸው ሙክት ልጅ ይኖረዋል?" እላለሁ። አይኖረውም። እንግዲያው ከ20 ዓመት በኋላ መንጋው ማንን ይመስላል? መረጣ ማለት ይኸው ነው። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ መራጩ ገበሬ ሳይሆን ብርዱ ቢሆንስ? በሽታው ቢሆንስ?

ገብስም ይሆናል። ጥቁር ገብስ፣ ነጭ ገብስ፣ ቅርፊቱ የሚለቅ ሰነፍ ቆሎ፤ እፍኝ እፍኝ አምጡና ጠረጴዛ ላይ አፍስሱት። በ1927 (እ.ኤ.አ.) ቫቪሎቭ የሚባል ሩሲያዊ የዘር ተመራማሪ ኢትዮጵያ ድረስ የመጣው እንዲህ ያለውን ብዛት ፍለጋ ነው።

የቦሎቄው ጨዋታ

ይህን ለመሥራት ብር አያስፈልግም። ለየቡድኑ 20 ነጭና 20 ቀይ ቦሎቄ፣ ለሚወለዱት የሚጨመር ትርፍ ቦሎቄ፣ ካሬ ሜትር የምትሆን የተቆፈረ መሬት፣ ሰዓት። 60 ተማሪ ካላችሁ ስድስት ቡድን አድርጓቸው። ቦሎቄውን አፈሩ ላይ በትኑ። ተማሪው ወፍ ነው፤ በአንድ እጁ፣ አንድ በአንድ፣ ቶሎ ቶሎ 20 ፍሬ ይለቅማል። የተረፉትን ቁጠሩ። እያንዳንዱ የተረፈ ፍሬ አንድ ልጅ ይወልዳል፤ የየቀለሙን ጨምሩና እንደገና በትኑ። ሦስት ዙር ይበቃል። ጥቁር አፈር ላይ ነጩ ቶሎ ያልቃል።

መጀመሪያ ስሠራው በቀይ ቦሎቄ ፋንታ ባቄላ ነበር የተጠቀምኩት። አንድ ልጅ "ቲቸር፣ ባቄላው እኮ ትልቅ ነው። በቀለም ነው በመጠን ምን እናውቃለን?" አለ። ልክ ነው። በማግስቱ መጠኑ እኩል የሆነ ቦሎቄ ይዤ መጣሁና ደገምነው። ያን ልጅ በክፍሉ ፊት አመሰገንኩት። እናንተ ግን ሆን ብላችሁ መጀመሪያ በባቄላ ሥሩት። ስህተቱን ልጆቹ ያግኙት። ሳይንስ በምን እንደሚለይ ከዚያ የተሻለ የሚያሳያቸው ነገር አላገኘሁም።

"ቲዎሪ ብቻ ነው" የሚልም ይመጣል። በእኛ ንግግር ቲዎሪ ማለት ተግባር የሌለው ወሬ ነውና አይፈረድበትም። ጀርም በሽታ ያመጣል የሚለውም ቲዎሪ ይባላል በሉት። ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት ውረዱ። እዚያ ወባ አለ። ድሮ ገዳዩ የወባ ዓይነት በክሎሮኪን ይድን ነበር። ተውሳኩ መድኃኒቱን ቻለው። አገሪቱ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ወደ ፋንሲዳር፣ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ወደ ኮአርተም የዞረችው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ የገደለውን ገደለ፣ የተረፈው ተራባ። ቦሎቄው ነው።

ጭላዳው የአጎት ልጅ ነው

አሁን ያ የፈራችሁት ጥያቄ ይመጣል። "ሰው ከዝንጀሮ መጣ ነው የሚሉን?" አትቆጡ። መልሱ አጭር ነው፦ አይደለም፣ ሳይንስም እንደዚያ አይልም።

እኛ ዘመድ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ለጋብቻም፣ ለርስትም። ጓሳ በሚባለው የመንዝ ደጋ ላይ ሣር ለማጨድ መብት የነበረው ከአቅኚው አባት መወለዱን የሚቆጥር ሰው ነበር። ይህን እያንዳንዱ የመንዝ ልጅ ከአያቱ ሰምቶታል። ስለዚህ ተማሪዋን "የአጎትሽ ልጅ አያትሽ ናት?" በሏት። አይደለችም። ግን ሁለታችሁም አንድ አያት አላችሁ። የዛሬው ጭላዳ ዝንጀሮ አያታችን አይደለም፤ በጣም የራቀ የአጎት ልጅ ነው። የእሱና የእኛ መስመር ከተለያየ 25 ሚሊዮን ዓመት አልፎታል። ሰሌዳው ላይ እንደ ዘር ሐረግ ሳሉት፣ ቀስት አድርጋችሁ ከዝንጀሮ ወደ ሰው አትሳሉት። ያ በየቦታው የሚታየው የተጎበጠ ዝንጀሮ ቀና እያለ ሰው ሲሆን የሚያሳየው ሥዕል ብዙ ጉዳት አድርሷል።

የጀማ ቀንድ አውጣና የኖኅ ውኃ

አንድ የመርሐቤቴ ልጅ ከጀማ ሸለቆ ድንጋይ ይዞልኝ መጣ። ውስጡ የባሕር ዛጎል አለበት። "ቲቸር፣ ይሄ ከኖኅ ውኃ የቀረ ነው" አለኝ። በደስታ ነበር የሚያበራው።

እንዲህ ያለውን ልጅ አትሳሳት አትበሉት። ጎበዝ፣ ባሕር እንደነበረ አግኝተሃል በሉት፤ በዚያ ልክ ነዋ። ቀጥሎ አብራችሁ ጠይቁ። አንድ ውኃ አንድ ጊዜ ሁሉን ጠራርጎ ቢያመጣ ገደሉ ላይ ምን እናይ ነበር? ልጆቹ ክረምት ላይ ጎርፍ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። ቋጥኝ፣ ጭቃ፣ ግንድ፣ የሞተ በግ፣ ሁሉም ይደባለቃል። ጀማ ላይ ግን የኖራው ድንጋይ ወፍራም ነው፣ በረጋ ባሕር በደቃቅ ንብብር የተሠራ። በላዩ አሸዋ ድንጋይ አለ። ከዚያ በላይ ጥቁሩ የላቫ ድንጋይ። ኖራው ውስጥ ዛጎል አለ፤ የበግ አጥንት የለም፣ የበሬ ቀንድ የለም፣ የሰው ጥርስ የለም። ተራ በተራ የተጻፈ ነው።

"ታዲያ ኖኅስ?" አለኝ ልጁ። "የኖኅን ነገር የንስሐ አባትህን ጠይቅ። እኔ ስለ ድንጋዩ ነው የምነግርህ" አልኩት። ጠየቀ። ምን እንደተባለ ግን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

ስለ ዕድሜ

በመስከረም 1 ቄሱ ዓመተ ዓለሙን አስልተው ወንጌላዊውን ያውጃሉ። 5500 ላይ የዘንድሮውን ዓመት ደምሮ ለአራት ማካፈል ነው፤ አንድ ሲቀር ማቴዎስ፣ ሁለት ሲቀር ማርቆስ፣ ሦስት ሲቀር ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ልጆቹ ይህን በቃላቸው ያውቁታል። ስለዚህ ድንቅነሽ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ናት ስትሏቸው ግራ ይጋባሉ። ይህን ግጭት አትሸፍኑት። ልጁ ያየዋል።

ዕድሜው እንዴት እንደሚለካ አሳዩት። ጠብታ ሥር የተቀመጠ እንስራ አስቡ። በሰዓት ስንት ጠብታ እንደሚወርድ ካወቅሁ፣ እንስራው ውስጥ ያለውን ውኃ ለክቼ መቼ እንደተቀመጠ እናገራለሁ። የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለ ፖታሲየም 40 በታወቀ ፍጥነት ይለወጣል፣ ከፊሉም አርጎን ይሆናል፤ ግማሹ ለማለቅ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። አንድ ስለታም ተማሪ "እንስራው መጀመሪያ ባዶ እንደነበረ በምን አወቁ?" ይላል። አርጎን ጋዝ ነው። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ በንኖ ይወጣል። ሲረጋ ነው መጠራቀም የሚጀምረው። ቀልጦ መውጣቱ እንስራውን ይደፋዋል ማለት ነው። የአፋር አጥንቶች ዕድሜ የታወቀው በላያቸውና በሥራቸው ካለው እንዲህ ያለ አመድ ነው።

ከዚያ 46 ሜትር ሲባጎ ገዝታችሁ ሜዳው ላይ ዘርጉ። አንድ ሜትር 100 ሚሊዮን ዓመት ይሁን። አንዱ ጫፍ የምድር መጀመሪያ፣ ሌላው ጫፍ ዛሬ። ልጆቹ በሲባጎው ላይ ይሂዱ። ለረጅም መንገድ ከረቂቅ ተሕዋስያን በቀር ምንም የለም፤ ይሰለቻቸዋል፣ ይሰልቻቸው። የጀማ ዛጎል መጨረሻው አካባቢ፣ አንድ ሜትር ተኩል ሲቀር ነው። ደጋችንን የሠራው ትልቁ ላቫ 30 ሴንቲ ሜትር ሲቀር። ድንቅነሽ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከሁለት ሚሊ ሜትር ሲቀር። የሄርቶ ሰው፣ አፋር ውስጥ የተገኘው የ160 ሺህ ዓመቱ፣ ከሁለት ሚሊ ሜትር ያነሰ ሲቀር።

7500ን ሲባጎው ላይ አላስቀምጥም። ያ ቁጥር ሥራው ሌላ ነው፤ ጾምና በዓል ያወጣል፣ ሥራውንም በትክክል ይሠራል። ሁለቱን እንዴት እንደሚያስታርቁ ልጆቹ ሲጠይቁኝ የማስታረቁ ሥራ የእነሱና የሃይማኖት አባቶቻቸው ነው እላለሁ። የእኔን መንገድ አልነግራቸውም። "እርስዎ ያምኑበታል?" ለሚለውም መልሴ ይኸው ነው፦ ማስረጃው አሳምኖኛል፣ እግዚአብሔርንም አምናለሁ፤ የአንተን ግን አንተ ትሠራዋለህ።

ወላጅ ሲመጣ

ይመጣሉ። አንድ አባት ከገጠር በእግራቸው መጥተው "ልጄ፣ ልጄን ሃይማኖቱን ልታስክጂው ነው እንዴ?" አሉኝ። ቁሙ አትበሉ፤ ወንበር ስጡ። ሻይ ካለ ሻይ። "አባቴ፣ ይቀመጡ" ብዬ የበጉን ትምህርት ነገርኳቸው። "ይሄንንማ እኔም አውቀዋለሁ" አሉ። ቆይተው ግን "በግ በግን ነው የወለደው፤ ፍየል አልሆነም" አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ልክ ነዎት አልኳቸው። በ20 ዓመት በግ ፍየል አይሆንም፤ ስለዚህ ነው ሲባጎ የዘረጋሁት። የልጃቸውን ደብተር አሳየኋቸው። ፈተናዬንም አሳየኋቸው። ጥያቄዎቼ "ሰው ከየት መጣ?" አይሉም። "ከዚህ ሠንጠረዥ የትኛው ቀለም በዛ፣ ለምን?" "ከእነዚህ ንብብሮች የትኛው ቀደመ፣ በምን አወቅህ?" ይላሉ። ማመኑን አልፈትንም፣ መረዳቱን ነው የምፈትነው። ሙሉ በሙሉ ተስማምተው አልሄዱም። ልጁን ግን ከክፍሌ አላስወጡትም።

የመጨረሻው ቀን

ከቻላችሁ ወደ ጓሳ ውሰዷቸው። ከመሐል ሜዳ ቅርብ ነው። በጠዋት ድረሱ፤ ጭላዳዎቹ ገደል ላይ አድረው ፀሐይ ሲሞቅ ነው ወደ ሣሩ የሚወጡት። ወፍራም ልብስና ስንቅ ይያዙ። ተጠግተው እንዳይረብሹ፣ ምግብ እንዳይወረውሩ አስጠንቅቁ። ቀይ ቀበሮ ካያችሁ ዝም በሉ፤ በዓለም ላይ ከ500 በታች ነው የቀረው፣ ያለውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው።

እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጭላዳ መርጦ ለ15 ደቂቃ ብቻውን ይመልከት። ሣሩን በየትኛው ጣቱ ነው የሚነቅለው? ሳይነሳ እየተንፏቀቀ ስንት ጊዜ ቦታ ቀየረ? ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቦታ የወንዱና የሴቷ አንድ ነው? ያዩትን ብቻ ይጻፉ። የገመቱትን በሌላ ገጽ ይጻፉት፣ ከሥሩም ግምታቸው ስህተት ቢሆን በምን እንደሚያውቁ አንድ መስመር ይጨምሩበት። ደብተሩን ሰኞ ጠዋት ሰብስቡ።